ወደ ዝናቡ ወደብ ለሚሄድ መንገደኛ

ከማታ ተማሪዎቻችን መካከል አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው አሜሪካ አገር፣ ሲያትል በምትባል ከተማ ትኖራለች። ባለፈው ሰሞን ደውላ፣ «እማዬ፣ ቪዛው ከተሳካልሽ በሐምሌ ነይ። በመርከብ ወደ አላስካ እወስድሻለሁ። ኬቺካን የምትባል የወደብ ከተማ አለች፤ ዝናቧ ግን አይጣል ነው» አለቻቸው። እሳቸውም ነገሩን ክፍል ውስጥ አነሡና፣ «ልጄ፣ የሐምሌ ዝናብማ እዚሁ ደጄ ላይ አለልኝ። ዝናብ ለማየት ባሕር ልሻገር?» ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ጥያቄያቸው ግን በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይደለም። ብዙ ሰው ወደዚያች ከተማ የሚሄደው ፀሐይ ትወጣልኛለች እያለ ነው። ፀሐይ ሲያጣ ከመርከቡ ሳይወርድ ይውላል። ወይም ወደብ ዳር ካለ ሱቅ ገብቶ ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቃል። ዝናቡ አያባራም። ሰዓቱ ያልቃል፤ መርከቡ ይነሣል። እንግዲህ ወደ ኬቺካን የሚሄድ ሰው ዝናቡን እንደ ጠላት ሳይሆን እንደ ባለቤት ቆጥሮ መሄድ አለበት። ለምን እንደሆነ እንመልከት። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍኩት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አላስካ ከአሜሪካ ክፍለ አገሮች ሁሉ በስፋት ትበልጣለች። አሜሪካ በ1867 ከሩሲያ በ7.2 ሚሊዮን ዶላር ነው የገዛቻት። ኬቺካን በአላስካ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ፣ በአንድ ደሴት ላይ ትገኛለች። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው። በ2020 በተደረገው ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 8192 ነበር። ከኋላዋ ተራራ፣ ከፊቷ ባሕር አለ። ቦታው በጣም ጠባብ ስለሆነ ብዙ ቤቶች የተሠሩት በውሃ ላይ በተተከሉ የእንጨት ምሰሶዎች ላይ ነው። አንዳንዱ መንገድ ደግሞ መንገድ አይደለም፤ የእንጨት ደረጃ ነው።

ከሌላ ከተማ ወደ ኬቺካን የሚወስድ የመኪና መንገድ የለም። በባሕር ወይም በአየር ብቻ ነው የሚደረሰው። የአውሮፕላን ማረፊያዋ እንኳ ያለው ማዶ፣ በሌላ ደሴት ላይ ነው። ከአውሮፕላን የወረደ መንገደኛ በጀልባ ጠባቧን ባሕር ተሻግሮ ነው ከተማ የሚገባው። ሁለቱን ደሴቶች የሚያገናኝ ትልቅ ድልድይ ሊሠራ ታስቦ ነበር። ወጪው እጅግ በዛ፣ በማዶ የሚኖረውም ሰው ጥቂት ነው ተብሎ በመላ አሜሪካ ክርክር ተነሣና በ2007 ተሰረዘ። ጀልባዋ ዛሬም ትመላለሳለች።

አብዛኛው እንግዳ የሚመጣው ግን በሽርሽር መርከብ ነው። የሽርሽር መርከብ ማለት ሰው የሚበላበት፣ የሚተኛበት፣ የሚዝናናበት ተንሳፋፊ ሆቴል ማለት ነው። አንዱ መርከብ ብቻ ሦስትና አራት ሺህ ሰው ይይዛል። ብዙዎቹ የሚነሡት ከሲያትል ወይም ከካናዳዋ ከቫንኩቨር ነው። ጉዞው ደርሶ መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ቀን ይፈጃል። ሲያትል ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች፣ የልጅቷ ግብዣ ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከሲያትል የሚነሡት መርከቦች በመንገዳቸው አንድ የካናዳ ወደብ ይነካሉ። ይህም የሆነው በ1886 በወጣ የአሜሪካ ሕግ ምክንያት ነው። ሕጉ በውጭ አገር የተሠራ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ የውጭ ወደብ ሳይነካ መንገደኛውን ወደ አሜሪካ ወደብ እንዳይመልስ ይከለክላል። ስለዚህ «አሜሪካ ውስጥ ነው የምሄደው» ብሎ ወረቀቱን ቤት ትቶ የሚወጣ ሰው ወደቡ ላይ ይመለሳል። ፓስፖርት፣ የአሜሪካ ቪዛ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ለካናዳም የሚያስፈልገው ፈቃድ ካለ እሱን፣ ትኬት ከመቆረጡ በፊት ጠይቆ ማዘጋጀት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ቪዛ ወጥቶ ለመመለስም ቪዛው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ወይስ ብዙ ጊዜ የሚያስገባው? ይህንንም ቀድሞ ማየት ነው። ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ ማልቀስ አይረባም።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ።

ዝናብ በሚሊ ሜትር ይለካል። ነገሩ ቀላል ነው። የዘነበው ውሃ ሳይፈስና ሳይሰርግ መሬት ላይ ቢቆም ኖሮ ጥልቀቱ ስንት ይሆን ነበር ማለት ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1200 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። ይኸውም ከአንድ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ የአዋቂ ሰው ወገብ ድረስ በሉት። ኬቺካን ግን በዓመት ከ3500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ውሃው ቢቆም ኖሮ ሁለት ሰው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ወጥቶ ቢቆም እንኳ ሁለቱንም ይውጣቸው ነበር። ወደቡ አጠገብ አንድ ትልቅ የዝናብ መለኪያ ሰሌዳ ቆሟል። በሰሌዳው ላይ ከሁሉ በላይ የተጻፈው የ1949 ዓመት ዝናብ ነው፤ 5145 ሚሊ ሜትር። ከአምስት ሜትር በላይ ማለት ነው! የከተማው ሰዎች ዝናቡን «ፈሳሽ ፀሐይ» እያሉ ይቀልዱበታል።

ምክንያቱን ደጋ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከትልቁ ውቅያኖስ እርጥብ ንፋስ ይነሣል። ንፋሱ ወደ የብስ ሲደርስ ተራራ ይገጥመዋል። ማለፊያ ስለሌለው ሽቅብ ይወጣል። ሲወጣ ይበርዳል። ሲበርድ የያዘውን ውሃ ይጥላል። ከከተማዋ በላይ የአጋዘን ተራራ የሚባል አለ። የአገሩ ሰዎች፣ «ተራራው ከታየህ ሊዘንብ ነው፤ ካልታየህ እየዘነበ ነው» ይላሉ።

ታዲያ መቼ ይኬዳል? መርከቦቹ የሚመጡት ከሚያዝያ አጋማሽ ወዲያ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ነው። ከዚህ ውስጥ ዝናቡ ቀለል የሚለው በሰኔና በሐምሌ ነው። አስተውሉ፤ የእኛ ክረምት ሲበረታ የእነሱ ዝናብ ይቀንሳል። እኛ መኸር ልናጭድ ስንዘጋጅ፣ በጥቅምት፣ የእነሱ ዝናብ ከዓመቱ ሁሉ ይብሳል። በሰኔ ደግሞ ቀኑ ረጅም ነው፤ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ከ17 ሰዓት በላይ ይሆናል። ዓሣው ወንዙን ሲሞላው ማየት የሚፈልግ ግን ሐምሌ መጨረሻንና ነሐሴን ይምረጥ። እኔ ብጠየቅ ዓሣውን እመርጣለሁ። ዝናቡ እንደሆነ በሰኔም አይቀርም።

ቢቀርማ ለከተማዋ ችግር ነው። ኬቺካን አብዛኛውን የመብራት ኃይል የምታገኘው ከተራራ ሐይቆች ከሚወርድ ውሃ ነው። በ2018 እና በ2019 በዚያ አካባቢ ድርቅ ገባ። በእነሱ አገር ድርቅ ማለት መሬት መሰንጠቅ አይደለም፤ ከለመዱት አነሰ ማለት ነው። ያም ሆኖ ሐይቆቹ ጎደሉ። ከተማዋም በውድ ናፍጣ መብራት ለማመንጨት ተገደደች። ዝናቡ ሲበዛም ጉዳት አለው። በነሐሴ 2024 ከከባድ ዝናብ በኋላ የተራራው መሬት ተንዶ ቤቶችን አፈረሰ፤ አንድ ሰው ሞተ፣ ሦስት ሰዎች ቆሰሉ። ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገውም።

ልብስን በተመለከተ እማማን የማሳዝናቸው እዚህ ላይ ነው። ጋቢ አይሆንም። ጋቢ የጥጥ ነው። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ከራሰ በኋላ ሙቀት አይሰጥም። ሱፍ ግን ቢርስም ያሞቃል። ስለዚህ ከውስጥ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ የዝናብ ካፖርት ከነቆቡ ማድረግ ነው። በበጋቸው እንኳ ሙቀቱ ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው የሚዋዥቀው። ጃንጥላ የያዘ ሰው ካያችሁ እንግዳ ነው፤ የአገሩ ሰው ጃንጥላ እምብዛም አይይዝም። ንፋስ ይገለብጠዋላ! እግራቸው ላይ የሚያደርጉት ቡናማ የላስቲክ ቦቲ ነው። ቀልደኞች ስለሆኑ ቦቲውን «የኬቺካን ስኒከር» ይሉታል። የእንጨቱ መንገድ ሲርስ ያንሸራትታል፤ ሶሉ ያለቀ ጫማ ይዞ መሄድ አጥንት መስበር ነው። አንድ ትርፍ ካልሲ በላስቲክ ጠቅልሎ በኪስ መያዝ ደግሞ ብልህነት ነው።

ሌላው ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። መርከቡ በከተማዋ የሚቆመው ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው፤ ስድስት ወይም ስምንት ሰዓት ቢሆን ነው። የመመለሻውን ሰዓት በወረቀት ጽፎ ይሰጣል። የፈረንጅ ሰዓት ቆጠራ ከእኛ ይለያል። እኛ ጎሕ ከቀደደ ጀምረን እንቆጥራለን። እነሱ ግን ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይጀምራሉ። ወረቀቱ ላይ ከቀትር በኋላ 3:30 የሚል ቢኖር በእኛ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ጧት 7:00 የሚል ቢኖር በእኛ 1 ሰዓት ነው። ዘዴው ይህ ነው። ከእነሱ ቁጥር ላይ 6 ቀንሱ፤ ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ የማይቀነስ ከሆነ 6 ደምሩበት። 3:30 ላይ 6 ሲደመር 9:30 ይሆናል። ከ7:00 ላይ 6 ሲቀነስ 1:00 ይቀራል።

በዚህ ላይ የአላስካ ሰዓት ከሲያትል በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይላል። የመርከቡ ሰዓትና የከተማው ሰዓት አንድ መሆን አለመሆኑን ከመውረድ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። መርከብ እንደ አውቶቡስ «ቆይ አንድ ሰው ቀረ» አይባልም። ጥሎ ይሄዳል። የመኪና መንገድ ስለሌለ የቀረው ሰው በራሱ ገንዘብ በአውሮፕላን ወደሚቀጥለው ወደብ መብረር አለበት።

መርከቡ የሚቆምበትንም ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። አንዳንዶቹ መሐል ከተማው ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ሰው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ሌሎቹ ግን ዋርድ ኮቭ በሚባል ቦታ ይቆማሉ። እሱ ከከተማው ወደ 11 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ከዚያ በአውቶቡስ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ለመሄጃና ለመመለሻ ጊዜ መተው ነው። ባሕሩም በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በከፍታውና በዝቅታው መካከል ያለው ልዩነት በአንዳንድ ቀን እስከ 6 ሜትር ይደርሳል። ጧት ሜዳ የነበረው መውረጃ ከሰዓት በኋላ ዳገት ሆኖ ሊጠብቅ ይችላል። ጉልበታቸው የደከመ ሰዎች ይህን አስበው ቀደም ብለው ይመለሱ።

በእነዚህ ጥቂት ሰዓታት ምን ይታያል? ሁሉን ላዳርስ የሚል ሰው ምንም አያይም። ሁለት ነገር ቢመርጥ ይበቃዋል። አንደኛው ወንዙ ነው። ሁለተኛው የእንጨት ሐውልቶቹ ናቸው።

ወንዙ በከተማዋ መሐል ያልፋል። ከዳርና ከዳር ቤቶች በምሰሶ ላይ ቆመዋል። ይህ ሠፈር ክሪክ ስትሪት ይባላል። እስከ 1950ዎቹ ድረስ የሴተኛ አዳሪዎች ሠፈር ነበር፤ ዛሬ ሱቅና ሙዚየም ሆኗል። ከሥሩ የሚያልፈው ዓሣ ሳልሞን ይባላል። ሳልሞን ሕይወቱ የሚያስደንቅ ዓሣ ነው። ከወንዙ ጠጠር ውስጥ ይፈለፈላል። ወደ ባሕር ወርዶ ያድጋል። ሲጎለምስ ከሰፊው ባሕር ተነሥቶ የተወለደበትን ወንዝ በሽታው ለይቶ ይመለሳል። ፏፏቴ ቢያጋጥመው ይዘላል። እዚያም እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ሬሳውን ድብና አሞራ ወደ ጫካ ይጎትቱታል፤ መሬቱም በእሱ ይዳብራል። ከባሕር የመጣ ፍግ ማለት ነው። ወንዙ ውሃ ካነሰው ግን ዓሣው መውጣት አይችልም። ቢወጣም በሞቀና በጎደለ ውሃ ውስጥ ትንፋሽ አጥሮት ሳይወልድ ይሞታል። ዓሣውም፣ ጫካውም፣ መብራቱም ከዝናቡ ነው የሚመጡት። እማማ «ዝናብ ለማየት ልሂድ?» ላሉት፣ እዚያ የሚታየው ዝናቡ የሠራው ነገር ነው ብዬ ነው የመለስኩላቸው።

በቦታው መጀመሪያ የነበሩት ሰዎች ትሊንጊት ይባላሉ። ወንዙ ዳር በበጋ ዓሣ እያጠመዱ የሚሰፍሩት እነሱ ነበሩ። ነጮቹ ዓሣ በቆርቆሮ የሚያሽጉ ፋብሪካዎች ይዘው የመጡት በኋላ ነው። ትሊንጊትና ጎረቤቶቻቸው ሃይዳ በእንጨት ሥራ የታወቁ ናቸው። ሴዳር የሚባል ዛፍ አላቸው፤ የእኛ ጥድ ዘመድ ነው፣ ሽታውም ደስ ይላል። በዝናብ ቶሎ አይበሰብስም። ግንዱን ሳይቆራርጡ ከላይ እስከ ታች ይቀርጹታል። ንስር፣ ቁራ፣ ድብ፣ ሰው ይታይበታል። ቶተም ይሉታል።

ቶተም የሚመለክ ጣዖት አይደለም። በድሮ ጊዜ አንዳንድ ሚስዮኖች ጣዖት መስሏቸው አስጥለውት ነበር። ቶተም የዘር ታሪክ ነው። የማን ልጅ የማን ወገን እንደሆነ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ትልቅ ድግስ እንደ ደገሰ ይነግራል። ጽሕፈት በሌለበት ጊዜ ነገር እንዳይረሳ ያቆሙት ነው። አሮጌዎቹ፣ ከጥንት መንደሮች የተሰበሰቡት፣ በ1976 በተቋቋመ የቅርስ ቤት ውስጥ ይታያሉ፤ ከወደቡ በእግር 20 ደቂቃ ያህል ነው። ከከተማው ወደ ደቡብ 4 ኪሎ ሜትር ሄዶ ደግሞ ሳክስማን የምትባል የትሊንጊቶች መንደር አለች። የሕዝብ አውቶቡስ ይደርሳታል። እዚያ ብዙ ቶተሞች በሜዳ ላይ ቆመዋል። ጠራቢዎችም አሁንም አዲስ ይቀርጻሉ።

ከሳክስማን ቶተሞች አንዱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ጫፉ ላይ አንድ ፈረንጅ ተቀምጧል። ስሙ ዊልያም ሲዋርድ ነው። አላስካን ከሩሲያ የገዛው የአሜሪካ ሚኒስትር እሱ ነበር። በ1869፣ ሥልጣኑን ከለቀቀ በኋላ፣ አገሩን ሊያይ መጣ። የቶንጋስ ትሊንጊቶች በክብር ተቀበሉት። ድግስ ደገሱለት፤ ስጦታም ሰጡት። በእነሱ ሕግ የተጋበዘ ትልቅ ሰው በተራው መልሶ ይጋብዛል፤ ከተቀበለውም አብልጦ ይሰጣል። እኛ ብድር በምድር እንደምንለው ነው። ሲዋርድ ግን ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ዓመታት ጠበቁት። ምንም የለም። ታዲያ ትሊንጊቶቹ ምን አደረጉ? ሲዋርድን በእንጨት ቀርጸው አቆሙት። ጆሮውንና አፍንጫውን ቀይ ቀቡት፤ ንፉግ ነው ማለት ነው። ሐውልቱ ለክብር የቆመ የሚመስላቸው እንግዶች አሉ። ዕዳ መጠየቂያ ነው! የመጀመሪያው እንጨት ሲያረጅ ሌላ ተቀረጸ። እሱም ሲያረጅ በ2017 አዲስ ቆመ። ዕዳው እስካሁን አልተከፈለም ማለት ነው።

ከእነዚህ ሌላ የሚያጓጓ ነገር አለ፤ የአውሮፕላን ሽርሽር። አውሮፕላኖቹ ትንንሽ ናቸው። በጎማ ፋንታ ከሥራቸው የጀልባ ዓይነት እግር ስላላቸው ከውሃ ላይ ተነሥተው ውሃ ላይ ያርፋሉ። ሚስቲ ፊዮርድስ የሚባል ቦታ ያሳያሉ። ባሕር በገደሎች መካከል ገብቶ ረጅም ሸለቆ የሠራበት ቦታ ነው። ቦታው በእውነት ውብ ነው ይባላል። አደጋም አለው። በሰኔ 2015 አንዱ አውሮፕላን በዝናብና በጉም ውስጥ ከተራራ ጋር ተጋጨ። አብራሪውና ስምንት መንገደኞች፣ ዘጠኙም ሞቱ። በግንቦት 2019 ደግሞ ሁለት አውሮፕላኖች በአየር ላይ ተጋጭተው ስድስት ሰው ሞተ። በሁለቱም ጊዜ መንገደኞቹ ከሽርሽር መርከብ የወረዱ ነበሩ።

ይህን የጻፍኩት ለማስፈራራት አይደለም። ብዙ ሰው በሰላም በርሮ ይመለሳል። ነገር ግን ነገሩን አስቡት። ጉም ተራራውን ሸፍኗል። መርከቡ በ9 ሰዓት ተኩል ይነሣል። መንገደኛው ገንዘቡን ከፍሏል፤ «ከዚህ ሁሉ አገር መጥቼ ሳላይ ልመለስ?» ይላል። ሁሉም አብራሪውን ያዩታል። የሰዓቱ ጥድፊያና የጉሙ ዕውርነት ባንድ ላይ ሲመጡ ነው አደጋ የሚያፈጥጠው። ስለዚህ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ቀድሞ ይወስን። ጉም ከሆነ አልበርም፤ ገንዘቤ ይመለስልኛል ወይ ብሎም ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ። አብራሪው «ዛሬ አንበርም» ካለ ደግሞ አመስግኖ ወደ ወንዙ ይሂድ። እማማም አውሮፕላኑን ቢተዉት እመክራለሁ፤ ለዚያውም ከአዲስ አበባ ሲያትል ድረስ መብረራቸው መች አነሰና!

ገንዘብ ካነሣን ዘንድ ስለ ግዢ ጥቂት ልበል። ከመርከቡ እንደ ወረዱ የመጀመሪያዎቹ ሱቆች ብዙዎቹ የወርቅና የአልማዝ ጌጥ ነው የሚሸጡት። እዚያ አገር አልማዝ አይቆፈርም። ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ የመርከብ ወቅት ሲያልቅ ዘግተው ይሄዳሉ። ትንሽ ከወደቡ ራቅ ብሎ የሄደ ሰው የአገሩን ሰው ሱቅ ያገኛል፤ የተጨሰ ዓሣ፣ የተቀረጸ እንጨት፣ የተሠፋ ቅርጫት። የአላስካ መንግሥት በነባር ሕዝቦች እጅ ለተሠራ ዕቃ ምልክት ይሰጣል፤ የብር እጅ ይባላል። በእጅ ሥዕል የተሠራ ምልክት ነው። ከሌላ አገር በፋብሪካ ተሠርቶ የመጣ አስመሳይ ቶተም ስለ ሞላ፣ ምልክቱን አይቶ መግዛት ደግ ነው።

ለከተማው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀድሞ የሚኖሩት በዓሣና በእንጨት ነበር። ዋርድ ኮቭ ላይ እንጨት አብስሎ ለጨርቅ መሥሪያ የሚሆን ጥሬ ዕቃ የሚያወጣ ትልቅ ፋብሪካ ነበር። በ1954 ተከፍቶ በ1997 ተዘጋ፤ በመቶ የሚቆጠር ሠራተኛም ሥራ ፈታ። ዛሬ በዚያው ዋርድ ኮቭ ላይ የሽርሽር መርከብ ይቆማል። ዓሣ ማጥመዱ አሁንም አለ፤ ግን የብዙው ሰው እንጀራ እንግዳ ሆነ። በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ ይመጣል። በአንዳንድ ቀን የእንግዳው ቁጥር የከተማውን ሕዝብ ይበልጣል። መንገዱ ይጨናነቃል፣ ድምፁ ይበዛል። አዛውንቶች በመርከብ ቀን ገበያ መውጣት ይተዋሉ። አንዳንዱ ነዋሪ በዛብን ይላል፤ ሌላው ደግሞ እንግዳው ቢቀር ምን እንበላለን ይላል።

ቢቀር ምን እንደሚሆንም አይተውታል። በ2020 በኮሮና በሽታ ምክንያት ትልልቆቹ መርከቦች አልመጡም። ወደቡ ባዶ ሆኖ ከረመ። አስጎብኚው፣ ሾፌሩ፣ ዓሣ ጠባሹ፣ ጠራቢው ያለ ገቢ ቀሩ። መርከቦቹ ጥቂት በጥቂት መመለስ የጀመሩት በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ነው። እንግዲህ ወደዚያ የሄደ እንግዳ ከመርከቡ በልቶ፣ ከመርከቡ ጠጥቶ፣ ከወደቡ ሱቅ ሰንሰለት ገዝቶ ቢመለስ፣ ለከተማዋ የሚተርፋት ግፊያው ብቻ ነው። አንድ ሳህን የዓሣ ሾርባ ከአገሩ ሰው ቤት መብላት፣ ሳክስማን ሄዶ ለአስጎብኚው መክፈል፣ ከጠራቢው እጅ ትንሽ ማንኪያ መግዛት ይቻላል። ቤት ሲያዩና ሰው ፎቶ ሲያነሡ ማስፈቀድ ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። ሲዋርድ አሁንም ከግንዱ ጫፍ ላይ ሆኖ መንገደኛውን ያያል።

በጥቅምት የመጨረሻው መርከብ ጡሩምባውን ነፍቶ ይነሣል። የጌጥ ሱቆቹ መስኮታቸውን ይሸፍናሉ። ዓሣው ወልዶ አልቋል፤ በወንዙ ጠጠር ውስጥ እንቁላሉ ተቀብሯል። የከተማው ሰዎች በቦቲያቸው ወደ መንገዱ ይመለሳሉ፤ እርስ በርሳቸውም እንደ ልብ ይገናኛሉ። የዓመቱ ከባድ ዝናብ የሚጀምረውም ያን ጊዜ ነው። ሐይቆቹ ይሞላሉ፤ መብራቱ ይበራል።